እናቴን ገበያ መካከል ላረዳው መተግበሪያ

ለተከበሩ የ«አለንላችሁ» የእድር መተግበሪያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? የእኔን ቤተሰብ ሁኔታ ግን አልዘረዝርልዎትም፤ ስልኬን ከበረበራችሁ ወዲህ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።

እኔ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር የምኖር የእድር ጸሐፊ ነኝ። መተግበሪያችሁን የጫንሁት የቀብር ሰዓት ለእድርተኛው እንዲያደርስልን ብቻ ነበር። በቅርቡ አጎቴ አቶ ኤርጫፎ ሲያርፉ ስማቸውንና የቀብሩን ሰዓት አስገባሁ። ጨንቻ ያለችው እህታቸው፣ እናቴ ወይዘሮ ሻሺቱ፣ ግን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ወጥተው፣ ዘመድ ጎረቤት ከቧት እንዲያረዷት ተነጋግረን ነበር፤ በእኛ ዘንድ የወንድም ሞት የሚነገረው እንዲህ ነውና። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩ኛ. የሽማግሌዎቹን ድካም ስላስቀራችሁ እናመሰግናለን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባዩ መተግበሪያችሁ፣ እድርተኛ ይሁን አይሁን፣ ቁጥሩ ስልኬ ላይ ላለ ሰው ሁሉ መርዶውን በእኔ ስም አድርሷል። እናቴ በዚያች ሰዓት ጋቢ ልትሸጥ ገበያ ወጥታ ነበር። ማንበብ ስለማትችል መልእክቱን ጋቢ ሊገዛ የመጣ መንገደኛ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ የሚደግፋት አንድ ዘመድ አጠገቧ ሳይኖር መሬት ላይ ወደቀች።

፪ኛ. ስለ ግልጽነታችሁ። «ለተሻለ አገልግሎት ይፍቀዱ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ በማሳየት ከረጅም ንባብ ገላግላችሁኛል። የምትወስዱት የሰው ሁሉ ቁጥር መሆኑን፣ ለምን እንደምትወስዱትና ለማን ምን እንደምትልኩ መናገር ለካ ነውር ኖሯል! አልፈቅድም ስል ደግሞ አልከፈት አለኝ። ይህ ፈቃድ ነው ወይስ ግዳጅ? እሺ፣ እኔስ ፈቀድሁ እንበል፤ የእናቴን ፈቃድ ማን ጠየቀ?

፫ኛ. የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛችሁ ወይዘሪት ኑሃሚን ሲስተሙ በትክክል እንደሠራ በትሕትና አረጋግጣልኛለች። እውነቷን ነው፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ለቅሶ ቤት ስንገናኝ እናቴ ፊቷን አዞረችብኝ። «የወንድሜን ሞት ገበያ ላይ ያረዳኝ የወለድሁት ልጅ ነው» እያለች ለለቀስተኛው ሁሉ ተናግራለች። መተግበሪያ ነው ብል ማን ይሰማኛል? ከመልእክቱ ሥር ያለው ስም የእኔ ነው።

ስለዚህ የእናቴንና የዘመዶቼን ቁጥር እንድትሰርዙ፣ ከእንግዲህም የምትወስዱትን ነገር ሰው በሚገባው አማርኛ አስቀድማችሁ እንድትናገሩ፣ እምቢ ያለውንም ሰው ከደጅ እንዳትመልሱ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

የዘመዶቼን ቁጥር ብቻ ወስዳችሁ ዘመዶቼን ስለተዋችሁልኝ እጅ እየነሳሁ፣

ነህምያ ሳምሶን
ከአርባ ምንጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእናቴ የስልክ ቀፎ በፖስታ ይደርሳችኋል። «ቁጥሬን ከወሰዱት እሱንም ይውሰዱት» ብላ በጎረቤት እጅ የላከችው እሷ ናት። ልለምናት ጨንቻ ድረስ ወጥቼ ነበር፤ ባንኳኳ በሩን አልከፈተችልኝም። ሳያንኳኩ የሰው ቤት መግባት የምትችሉት እናንተ ናችሁና፣ እባካችሁ ገብታችሁ አስታርቁን።