ገመድ የሌለበት ድንበር

ለእህቴ ለሮማነወርቅ ሙሉነህ፣

ከነጌሌ ቀይ አቧራና ከግራሩ ጥላ የተነሳ ሰላምታዬ ሙኒክ ድረስ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ እታለሜ? ወገብሽ እንዴት ሆነ? አሁንም ሥራሽ ላይ አዛውንቶቹን ስታነሺና ስታገላብጪ ነው የምትውይው? ባልሽ እስራኤልስ በርትቷል? የልጃችን የፍሬሰንበት ጥርስ ወለቀ ብለሽ ነበር፣ ተተካላት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምለው ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ወረድ ስትዪ እንደምታነቢው ደህና አይደለንም።

ስልኩ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ አንዳንዴ ሲሠራም «ሃሎ» ብለሽ ትጠፊያለሽ። ስለዚህ ይህን በሃያት እጅ ልኬልሻለሁ። ሃያት የጨርቅ ነጋዴው የዓብዱሰላም ልጅ ናት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራኝ የተማረችው። እናንተ አገር ያለ ሰው አግብታ ወደ እሱ መሄዷ ነው። የእሷ ቪዛ ወጣ፣ የእኔ አልወጣም።

ባለፈው መስመሩ ሲቆረጥ የሰማሽው «ከለከሉኝ» የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ። ሙሉውን ልንገርሽ። አዲስ አበባ ወጥቼ ኤምባሲው ውስጥ ተራዬ ደርሶ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ጠያቂዋ ማን ዘንድ ነው የምትሄጂው ስትለኝ እህቴ ዘንድ አልኩ። ምን ልታደርጊ ስትለኝ፣ እህቴ እንደ ቤት የሚታደርባት መኪና ተከራይታለች፣ አብረን የአልፕስን ተራራ ልንሻገር ነው አልኳት። ያን ጊዜ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ። ከነጌሌ የመጣች ሴት ለሽርሽር ተራራ ታቋርጣለች ብሎ ማን ያምናል? እንደምመለስ በምን እንደማረጋግጥ ጠየቀችኝ። አባቴ ከአልጋ አይነሱም፣ እስክመለስ ጎረቤት ናት የምትይዝልኝ፤ መስከረም ላይ ደግሞ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጂኦግራፊ ይጠብቁኛል አልኳት። መልሱ «ለመመለሷ በቂ ማስረጃ አልቀረበም» ሆነ። አባባን ከነአልጋቸው ተሸክሜ መስታወቱ ሥር ላስቀምጥላቸው ኖሯል?

አየሽ፣ ለባል ሲሆን ይፈቀዳል፤ ለእህት ሲሆን ትጠፋለች ይባላል። መጥፋት ብፈልግ በሞያሌ በኩል ስንቱ ይወጣ የለ፣ ማንን አስፈቅዶ? እኔ ተሰልፌ የጠየቅኩት ላልጠፋ ነው። ይህን ለማን እንደምናገር ግን አላውቅም። ለተማሪዎቼ አልነግር፤ «ተማሩ፣ ዓለም ሰፊ ነው» የምላቸው እኔ ነኝ።

አንቺ ስልኩ ሳይቆረጥ በፊት «አንቺ ከሌለሽ እኔም አልሄድም፣ መኪናዋን እመልሳለሁ» ብለሻል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እንዳትመልሻት ነው። አንቺ በያዝሽው የጥገኝነት ወረቀት ወደዚህ መምጣት አትችዪም፤ እኔ ወደዚያ መምጣት ተከለከልኩ። ከተለያየን አሥራ አንድ ዓመት፣ የምንገናኝበት አንድ ቦታ ቢኖር ያቺ መኪና ነበረች። እሷንም ለሌላ ሰጥተሽ ቤትሽ ብትቀመጪ ለእኔ ምን ይጨመርልኛል?

ደግሞ መንገዱ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የአባባም ነው። መኪናዋን መከራየትሽን ከነገርኳቸው ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ከትምህርት ቤት ስመለስ «ካርታውን አምጪው» ይሉኛል። አትላሱን ብርድ ልብሱ ላይ፣ እግራቸው ላይ እዘረጋዋለሁ። አልፕስ በሙሉ ጉልበታቸው ላይ ያርፋል፣ ክብደቱ አይሰማቸውም። ያው ታውቂያቸዋለሽ፣ ወደ ሾፌርነታቸው ይመለሳሉ። «ኤንትሬ ካሚዮኗን የሠሩት ከዚያ ተራራ ሥር ያሉት ጣልያኖች አይደሉም? ለዚያ ዳገት አስበው ባይሠሯት ኖሮ የቦሬን ዳገት እየዘፈነች ትወጣ ነበር?» ይላሉ። በጦሩም ዘመን፣ ከጦሩም ወጥተው ጭነት ሲያመላልሱ፣ ያቺን መኪና ከእማማ እኩል ነበር የሚያሞግሷት።

አንድ ቀን ወተት የሚያመጡልን ኦቦ ጎሊቻ «ናጋ?» ብለው ሰላም እያሉ ገብተው ካርታው ላይ ደረሱብን። አልጋና ምድጃ ውሃም ያላት መኪና ናት ብዬ ሳስረዳቸው «ግመል ናት በዪኛ! እኛም ቤታችንን ነቅለን በግመል ጭነን ነው የምንሄደው» አሉ። ቀጥለው ቤቱ የማን ነው ብለው ጠየቁ። የኪራይ ነው ስላቸው ሳቁብኝ። «ቤት የሴቷ ነው፤ የምትሠራውም የምታፈርሰውም እሷ ናት። ለባሏ ንገሪው፣ መንገድ ላይ ከተጣሉ በእግሩ የሚመለሰው እሱ ነው» አሉ። አባባ ሳቅ ገድሏቸው ትራሳቸው ወደቀ። እስራኤል ይህን እንዲሰማ አደራ።

ከሳቁ በኋላ ግን ኦቦ ጎሊቻ አንድ ነገር ጠየቁ። እነሱ ከብት ይዘው ሰፈር ከመልቀቃቸው በፊት አቡሩ ይልካሉ፤ ቀድሞ ሄዶ ሣሩንና ውሃውን አይቶ፣ ተመልሶ ለቀሩት የሚናገር ሰው ነው። «የእናንተ አቡሩ ሮማነወርቅ ነበረች። ሄዳ አይታለች። ለምንድን ነው ያልተመለሰችው?» አሉኝ። የጥገኝነት ወረቀት ምን እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም ጀምሬ በሁለቱም አቃተኝ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አሁን መንገዱን ያዢ። ከሙኒክ ወደ ጋርሚሽ፣ ከዚያ የፈርንን የተራራ ማለፊያ ተሻግራችሁ ላንዴክ። ከላንዴክ ወደ ደቡብ ታጥፋችሁ ናውደርስ የሚባል መንደር ትደርሳላችሁ፤ እሱን እንዳለፋችሁ ኦስትሪያ አልቆ ጣልያን ይጀምራል። ወዲያው ሐይቅ ታያላችሁ፣ ከመካከሉ የቤተ ክርስቲያን ማማ ብቻውን ብቅ ብሎ። ግድብ ሲሠራ ውሃ የዋጠው መንደር ነው። ከዚያ ሸለቆውን ይዛችሁ ወደ ሜራኖና ወደ ቦልዛኖ ውረዱ፣ ስትመለሱ በብሬነርና በኢንስብሩክ ሰፊውን መንገድ ያዙ። በእያንዳንዱ ማደሪያ ላይ ውሃ የሚሞላበትን ቦታ ከደብዳቤው ጀርባ በሣልኩት ሥዕል ላይ ምልክት አድርጌዋለሁ፤ የአባባ ትእዛዝ ነው፣ ውሃው ሳይታወቅ ማደሪያ አይመረጥም።

ስቴልቪዮ የሚባለውን ማለፊያ ሥዕሉ ላይ አታገኚውም። አርባ ስምንት መጠምዘዣ አለው። እኔ በእሱ ካልሆነ ብዬ ነበር፤ ከፍ ያለው እሱ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ቆሜ መጮህ ስለፈለግኩ። አባባ ግን «ቤት ተሸክሞ እልህ አይነዳም» ብለው ከለከሉኝ። ለእስራኤልም፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ተማምነህ አትልቀቃት፣ ፍሬን ሲሸትህ ዘግይተሃል ብለውሃል በዪው።

በአንድ ነገር ግን ከአባባ ጋር ተጣልተናል። ሁለቱ ድንበሮች ላይ ግማሽ ግማሽ ቀን ለኬላ ይያዝ አሉኝ። እዚያ ኬላ የለም፣ መኪናው ሳይቆም ነው የሚያልፉት፣ ክፍል ውስጥ የማስተምረው ነው አልኳቸው። «ከዚህ ያቤሎ ስትሄጂ ስንት ቦታ ገመድ ይዘረጋል? ሦስት አገር ተሻግረሽ አንድ ገመድ የለም? ማስተማሩን አስተምሪ፣ ለጉዞው ግን ግማሽ ቀን ያዢ፣ መታወቂያም ከላይ ይሁን» አሉ። ሰውን ማስደሰት አይጎዳም ብዬ ያዝኩላቸው።

ከአዲስ አበባ ስመለስ መከልከሌን ነገርኳቸው። ካርታውን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «ገመዱ የት ጋ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አዲስ አበባ አልኳቸው። «አላልኩሽም? ገመድ የሌለው አገር የለም። ከራሳቸው በር አንስተው እኛ በር ላይ ዘርግተውት ነው» አሉ። እታለሜ፣ አፌ እንደማይዘጋ ታውቂያለሽ፤ ከርዕሰ መምህሩም ከወረዳውም ጋር ተከራክሬ አሸንፌ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን ካርታውን አጥፌ ከእግራቸው ላይ አነሳሁ፤ ሌላ ማድረግ የምችለው ነገር አልነበረም።

ጥቅምት ላይ እንደገና አመለክታለሁ። ተስፋ ኖሮኝ እንዳይመስልሽ። እምቢ ማለቱ እንዳይቀላቸው ነው፤ በየጊዜው ፊቴን እያዩ እምቢ ይበሉኝ። አባባ እስከዚያ ይቆዩ አይቆዩ እሱ አንድዬ ያውቃል፤ እኔ በዚህም ላይ አቅም የለኝም።

አንቺን የምለምንሽ ይህን ነው። ለኬላ የያዝነውን ግማሽ ቀን ከመንገዱ አልሰረዝኩትም። ናውደርስን አልፈሽ ድንበሩ ላይ ስትደርሺ ማንም አያስቆምሽም፤ አንቺ ግን መኪናዋን ዳር አስይዢና ሞተሩን አጥፊ። ሻይ አፍሊ። ፍሬሰንበት አንድ እግሯን ኦስትሪያ፣ አንድ እግሯን ጣልያን አድርጋ ትቁም፤ እስኪሰለቻት ድረስ ወዲያና ወዲህ ትዝለል። እስራኤል ሰዓት እያየ ከተነጫነጨ ቤቱ የማን እንደሆነ አስታውሺው። ያ ግማሽ ቀን የእኔ ነው። ማንም በማያስቆምበት ቦታ ላይ ለእኔ ብለሽ ቁሚልኝ።

ለእስራኤል ሰላምታዬን በዪልኝ። ፍሬሰንበትን አዲሷን ጥርሷን ሳሚልኝ። ልሄድ ስል አባባን ልትይዝልኝ የነበረችው ዲንቄ «አካም፣ አንቺ ልጅ ወፍረሻል ወይስ ያው ነሽ?» ትልሻለች። ኦቦ ጎሊቻ ናጋ ይሁን ብለዋል፤ ግመሏን ውሃ አጠጡ ብለዋልም። አባባ አጠገቤ ተኝተው የምጽፈውን እያስነበቡኝ ነው። ይህን ጨምሪ አሉኝ፦ «ገመድ ባይኖርም ቀስ በሉ።»

እህትሽ ኮከብ ሙሉነህ
ነጌሌ ቦረና፣ ሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.