ማርሹን ሁለቴ ስነካው

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ? ልጆቹስ? ውድድር ካቆምክ ወዲህ ሆድህ ከብስክሌቱ መሪ ቀድሞ ይታጠፋል ብላ እማዬ አሳቀችኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ግን አጥቻለሁ።

ባለፈው እሑድ መሸነፌን በሬዲዮ ሳትሰማ አልቀረህም። ሻምፒዮን ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ቀን መውረዱ አይቀርም፤ እሱ አይደለም ያቃጠለኝ። አሸናነፉ ነው ያንገበገበኝ። ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ሸንበቆ የምንለው ያ የተቀናቃኝ ቡድን ረጅሙ ልጅ ከፊቴ ነበር። እንደ ልማዴ ከማምለጤ በፊት ማርሹን ሁለቴ ቋ ቋ አደረግሁት። እኔ ገና ሳልነሳ እሱ ተፈተለከ! ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ድምፁን ሲጠብቅ ነበር።

ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ከፊት ነፋሱን በደረትህ እየሰበርክልኝ ስንነዳ፣ ሳትዞር መንገድ እንድትለቅልኝ የተስማማንበት ነው። ለአሰልጣኙም አልነገርንም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ መካኒኩን ጠረጠርኩ፤ አሰልጣኙን ጠረጠርኩ። ምስኪኑን ወጌሻ እንኳ እግሬን ስታሸኝ ለምን ዝም አልክ፣ ምን ደብቀኸኝ ነው ብዬ ጮኽኩበት። ለካ ጥርሱን አሞት ኖሯል። አሁን ከእኔ ጋር የሚበላ ሰው የለም።

እማዬ ትናንት ስትደውል የጥገና ሱቅህ ሞቅ ማለቱን ነገረችኝ። የነሸንበቆ አሰልጣኝ ከበርህ አይጠፋም፣ ሻይ እየጠጣችሁ ስትሳሳቁ ትውላላችሁ አለች። ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ። ደንበኛ ይብዛልህ።

አንዳንዴ ሳሎኔ ተቀምጬ ዋንጫዎቹን አያለሁ። ሁሉም እኔ ቤት ናቸው፤ ጉልበቱ የተሰበረው ግን አንተ ነህ። አንተም አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም።

አሁን ምስጢር ልንገርህ። በሚመጣው እሑድ ዳገቱን አልጠብቅም። ማንም በማያስበው ቦታ፣ ከከተማው መውጫ ድልድዩ ላይ አመልጣለሁ። ለአሰልጣኜም ለባለቤቴም አልተናገርኩም። ካንተ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ እማዬንም ያቆይልን፣ እኛንም አይለያየን። እሑድ ድልድዩ ላይ ቀድሞ የሚጠብቀኝ ከሌለ፣ ብሸነፍም ግድ የለኝም፤ ሰኞ ጠዋት ሱቅህ መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቀኝ።

የሚወድህ ታላቅ ወንድምህ