ከሐኪሙ የደበቅሁት አባቴ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው ልጄ አልማዝ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ከአየር ጤና ወደ ቤቴ የሚወስደው መንገድ ሁለት ጊዜ ስለጠፋኝ፣ ዛሬ ቤቴል ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ «አባባ፣ ከቤተሰብ የመርሳት በሽታ የያዘው ነበር? በዘር የሚመጣ አለ» አለኝ። «በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብዬ አፉን አስዘጋሁት። ዋሸሁ። ጎጃም ያረፈው አባቴ በስተርጅናው እኔን ልጁን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ይለኝ ነበር። አልማዝን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ዘሬን ሲያጣሩም ይህንኑ ደብቄ ዳርኳት። ያኔ አላፈርኩም። ዛሬ ሐኪሙ የጠየቀኝ ግን ለእሷና ለልጆቿም ነው።

«ከእኔም ደበቁኝ፣ አባዬ?» ብላ መጻፉን አቆመች።

ጻፊው፤ ያልሽውንም ጻፊው። ነገ ለሐኪሙ ታነቢለታለሽ። አሁን ለእኔ አንብቢልኝ፤ አባቴን ዘለሽው እንዳይሆን።