በእናቴ ያላከክሁት ጥርስ

የካቲት 4፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ዛሬም አውራ ጣት። ቤዛ መስተዋቱ ፊት፣ እኔ ከኋላዋ። ጥርሷን ሃያ ጊዜ ወደ ውስጥ ትገፋዋለች፣ እኔ እቆጥራለሁ። በላይኛው መንጋጋ፣ በግራ በኩል፣ ሌሎቹ ላይ ተደርቦ የወጣውን ክራንቻ። አሥራ ሁለት ላይ አመማት። ቀጥይ አልኋት። ቀጠለች። ሁለት ወር ሞላን። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም፣ ድዷ ግን ቀልቷል።

ላንቺ ብቻ ልንገርሽ ደብተሬ፤ ለሰው አይነገርም። ልጄ ስትስቅ ዓይኔን ዘወር አደርጋለሁ። የገዛ ልጄ፣ አሥራ አንድ ዓመቷ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ፣ በዕረፍት ሰዓት

በሰልፍ ላይ የማንበብ ተራው የ5ኛ ክፍል ነበር። ቤዛ ተመረጠች፣ እምቢ አለች። ር/መምህሩ ምነው ሲሉኝ ጉሮሮዋን አሟታል አልሁ። እውነቱን የነገረችኝ የጠረጴዛ ጓደኛዋ ናት። "መንሽ" ይሏታል። የአውድማ መንሽ፣ ጥርሷን ለማለት። እኔ በማስተምርበት ት/ቤት! እኔ በማስተምረው ክፍል! ስሙን ስንት ጊዜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የልጆች ጨዋታ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

በልጆቹ ልቆጣ አልሁና ስልኬን ከፈትሁ። የጥምቀት ፎቶዎች። በሁሉም ላይ የቤዛ ከንፈር ግጥም ብሏል። "አፍሽን ግጠሚ፣ ፎቶው እንዲያምር" ያልሁት እኔ ነኝ። እነሱስ ከማን ተማሩት?

ሞጣ ጥርስ የሚያይ ክሊኒክ አለ አሉ። እናቴም እዚያው ናት። ቅዳሜ እንሄዳለን።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ፣ ሞጣ፣ ከሰዓት 9፡00

ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። እጇ ለስላሳ ነው፤ ቤዛ ያለ ጭቅጭቅ አፏን ከፈተች። በትንሿ መስተዋት አየች፣ ቆጠረች፣ ራጅ አነሣች። ከዚያ ምስሉን እያሳየች አስረዳችን።

የቤዛ የወተት ክራንቻዎች በግራ በኩል ከላይም ከታችም ጊዜያቸው ሳይደርስ ከቦታቸው ጠፍተዋል። ቦታው ባዶ ሲሆን ጎረቤት ጥርሶች እየተንሸራተቱ ያዙት። ከላይ ዋናው ክራንቻ ሲመጣ መግቢያ አጣ፣ ስለዚህ ተደረበ። ከታች ደግሞ ዋናው ጥርስ ገና ሳይበቅል ተጎድቷል፤ አጥንቱ ውስጥ ጎባጣ ጉቶ ሆኖ ተጋድሟል። አይቼዋለሁ። ነጭ፣ ትንሽ።

ስለ አውራ ጣቱ ጠየቅሁ። ፈገግ አለች፣ አልሰደበችኝም። ጥርስ አጥንት ውስጥ የተተከለ ነው፣ ለደቂቃ ቢገፉት አይሄድም፣ ድድ ማቁሰል ነው ትርፉ አለች። የሚያንቀሳቅሰው ቀንና ሌሊት ቀስ ብሎ የሚስብ ሽቦ ነው። ባሕር ዳር ይሠራል፤ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ጥርሱ ቦታውን እስኪለምድም ማቆያ ይደረግለታል።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። ሕፃን ሳለች ግግ ነው ተብሎ፣ ገና ያልበቀለ ጥርሷ ከድዷ ተነቅሎ ነበር?

ቤዛ ዞራ አየችኝ። እኔም "አያቷ ናቸው። እኔ አልነበርሁም" አልሁ።

ውሸት ነው ደብተሬ። ዓይን ያወጣ ውሸት።

የካቲት 9፣ እሑድ፣ ሞጣ፣ ጠዋት

እናቴ ቅዳሴ ሄዳለች። ሌላ ጊዜ ቤዛ ነጠላዋን ይዛ ትከተላት ነበር። ዛሬ አልሄድም አለች፤ ጓሮ ብቻዋን ተቀምጣለች። እኔ ይኸው እጽፋለሁ። እውነቱ ይህ ነው።

ቤዛ አምስት ወሯ ነበር። አራስ ቤቴ እዚሁ እናቴ ዘንድ ነበረና ገና ወደ ቢቸና አልተመለስሁም። ተቅማጥና ትኩሳት ያዛት፣ ድዷ አበጠ። አንዲት ጎረቤት አይታ ግግ ነው፣ ካልወጣ ይገድላታል አለች። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። በፍጹም አለች። ከእኔ በፊት የወለደችው ወንድ ልጅ ግጉ ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ ነው የሞተባት። ጤና ጣቢያ ውሰጃት ብላ ለመነችኝ። ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ። እኔ ያኔ ዲፕሎማዬን ይዣለሁ፣ መምህርት ነኝ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠበቅኋት። ልጄን አቅፌ ወደ ሰፈሩ ግግ ነቃይ ሴት ሮጥሁ። በሾለ ብረት ነው ያወጣችው። ጭንቅላቷን የያዝሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ተመልሳ በደም የራሰውን ጥጥ አየች። ልጅቱን ከእጄ ወስዳ በእግሯ ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ተቅማጡ እዚያ በተሰጣት መድኃኒትና በጥብጠን ባጠጣናት ዱቄት ቆመ። ለባሌ አልነገርሁትም። እናቴም አልተናገረችብኝም፣ አሥር ዓመት ሙሉ።

ትናንት ከክሊኒክ እንደተመለስን ቤዛ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። "እናና፣ ጥርሴን ያስነቀልሽው አንቺ ነሽ?" እናቴ መጀመሪያ እኔን አየች። ዓይኔን ሰበርሁ። ያኔ ገባት።

"አዎ ልጄ፣ እኔ ነኝ። ባለማወቅ ነው፣ ይቅር በይኝ" አለቻት።

እኔ ምስር እየለቀምሁ ነበር። መልቀሜን ቀጠልሁ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ፣ ቢቸና፣ 9፡30

አንዳንድ ቀን ፈጣሪ ይቀልድብኛል። የዛሬው ትምህርት "ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች"። ከመጽሐፉ ገልብጬ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። እንጥል መቁረጥ። ግግ ማውጣት። ጠመኔው እጄ ላይ ተሰበረ። ሰዎች ይህን ለምን ያደርጋሉ? ብዬ ጠየቅሁ።

በዚህ ተርም አንድ ጊዜ እንኳ እጇን ያላነሣችው ቤዛ አነሣች። በአንድ እጇ አፏን ሸፍና፣ ስላልተማሩ ነው፣ የእኔ አያትም አልተማረችም አለች።

"ጎበዝ" አልኋት።

ጎበዝ!! ክፍሉ አጨበጨበላት። ደወሉ እስኪደወል ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዙሬ የጻፍሁትን አደመቅሁ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

አባቷ ደ/ማርቆስ ነው የሚሠራው፤ በወር አንዴ ይመጣል። ቤዛ ስልክ ላይ ሁሉን ነገረችው። ከዚያ እናትሽን አቅርቢልኝ አላት። በእናቴ ተናደደ። በአማትነቷ አክብሬያት ስኖር እንዲህ ታደርጋለች? ቤዛ ከእንግዲህ ለብቻዋ ሞጣ አትሄድም አለ። እሺ አልሁ። ሌላ ምንም። ሰው እንዴት በአንዲት ቃል ይህን ያህል ክፉ ይሆናል?

የካቲት 13፣ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት

እናቴ ደወለች። ስለ ራሷ አንዳች አላነሣችም። ሽቦው ያማት ይሆን? ምግብ ትችል ይሆን? ይህን ነው የጠየቀችኝ። አልቻልሁም። እነግራታለሁ እማ፣ እውነቱን እነግራታለሁ አልኋት።

"ተይው" አለችኝ። "የእኔ ዕድሜ አልቋል። ልጅ እናቷን ከጠላች ግን የት ትገባለች?"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስሁ። ያለቀስሁት ደግሞ በጸጸት አይደለም፤ ቀለል ስላለኝ ነው። ተይው አለችኝ እኮ፣ ፈቀደችልኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይግላል። እንዲህ ያለች ሴት ነኝ ለካ።

የካቲት 14፣ ዓርብ፣ ማለዳ

ወሰንሁ። ነገ ሞጣ እንሄዳለን። እናቴ ባለችበት፣ እቤቷ ተቀምጠን እናገራለሁ። የምለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቱንም ቀደድሁት። በሦስቱም "ያኔ ልጅ ነበርሁ" የሚል ነበረበት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ፣ ደብረ ወርቅ፣ ሚኒባስ ውስጥ

እንዳሰብሁት አልሆነም። ቢቸና መናኸሪያ ላይ ቤዛ አልሳፈርም አለች። እዚያች ሴትዮ ቤት አልገባም አለች። "ሴትዮ።" እናናዋን! ረዳቱ ሞጣ፣ ሞጣ እያለ ይጮኻል፣ ሰው ይጋፋል። እዚያው ቆሜ ነገርኋት። እኔ ነኝ አልሁ። እናና በር ላይ ቆማ ከልክላኝ ነበር፣ ተደብቄያት ነው የወሰድሁሽ፤ ሐኪሟ ስትጠይቀኝ ደግሞ ዋሸሁ አልኋት። ረዳቱ ጩኸቱን አቋረጠ። አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት አፏን ይዛ አየችኝ። ይየኝ፣ ሁሉም ይየኝ።

ቤዛ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

"እናና አዎ እኔ ነኝ ስትል፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል?"

ነበርሁ አልሁ።

ቀድማኝ ገባች። መስኮቱን ይዛ ተቀመጠችና አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አኖረች። እኔ ከኋላዋ ተቀመጥሁ። ትንሽ እንደሄድን ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች፤ ስልክሽን ማለቷ ነው። ሰጠኋት። ለእናቴ ደወለች። እየመጣሁ ነው እናና አለች። ከዚያ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። እናቴ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ቤዛ ግን "አንቺ ምንም አላደረግሽኝም" አለቻትና ያኔ ድምፅዋ ተሰበረ። አፏን አልሸፈነችም።

አሁን ደብረ ወርቅ ቆመናል። ተሳፋሪው ወርዶ ሻይ ይጠጣል። እሷም ልትወርድ ተነሥታ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ለአባዬ ግን እኔ አልነግረውም" አለች። "አንቺ ንገሪው፣ ሞጣ ሳንደርስ።"

የባሌን ቁጥር አውጥቻለሁ። ቤዛ በመስኮቱ ከውጭ እያየችኝ ነው። ልደውል ነው።