እህትሽ እኔን ስታጠና

የረገጥሽው ይለምልም ልጄ፤ ሁላችንም ደህና ነን።

ሰባተኛ ክፍል የገባችውን እህትሽን፣ አስተማሪዋ ርዕስ መርጠሽ ሦስት ወር ብቻሽን አጥኚ ብለዋታል። የመረጠችው እኔን ነው፤ ስምሽን በቀን ስንት ጊዜ እንደማነሳ ትቆጥራለች። ደብተሯን ይዛ ሽንት ቤት በር ድረስ ትከተለኛለች። ዝም ስል «እማ፣ ጥናቴን እያበላሸሽብኝ ነው» ትላለች። ብልጥ ነኝ ብዬ ስላንቺ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ማውራት ጀመርኩ። ለካስ እሷንም ረዳት አድርጋታለች፤ ስምሽን ባነሳሁ ቁጥር በጠመኔዋ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ መስመር ስትጭር ያዝኳት።

በቀን አርባ አንድ ጊዜ ነው አሉ። በምትደውዪበት እሁድ ግን ስድስት ብቻ። አስተማሪዋ «በሌላ ቀንም ተሞክሮ ይታይ» ብለዋል። ለራሴ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ የእህትሽ ማርክ እንዳይበላሽ ረቡዕም ደውዪ።

ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። ፖስታው ላይ ስምሽን ጻፍኩ፤ ይኸው፣ ይህንንም ቆጠረችብኝ።

እናትሽ