የቡኮቶ የአርብ ቢራ

ሰኞ፣ ጥር 2014

ፍሪጁ አለ! ዝጎ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ግን እዚያው በረንዳው ላይ አለ። ቡኮቶ ሰፈር ያለው የጋራ ቢሯችን በኮሮና ከተዘጋ ስንት ጊዜው! ዛሬ ተከፈተ። እያንዳንዳችን ጠረጴዛ ተከራይተን የየራሳችንን ሥራ የምንሠራ፣ በሳምንቱ መሀል ሰላምታ እንኳ የምንሰስት ሰዎች፣ አርብ ወደ ማታ ቢራ ሲከፈት ዘመዳሞች እንሆን ነበር። የአገሩን ቋንቋ ሉጋንዳን የለመድኩት እዚያ ነው፣ ከናሙሊ። ዌብሳይት ትሠራለች፤ ጎኔ ነው የምትቀመጠው። ያኔ ስትስቅ ከታች ያሉት ቦዳ የሚሏቸው የሞተር ታክሲ ሾፌሮች ቀና ብለው ያዩን ነበር። ዛሬ ስታቅፈኝ እንባዬ መጣ።

ማክሰኞ

ጋሽ ዳዊት ፍሪጁን አስጠገኑ። መለዋወጫ ያስመጣሉ፤ እዚህ ቢሮ ከእኔ ሌላ ያሉት ሐበሻ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ቢራው በእኔ፣ ሰው መሰብሰቡ ባንቺ» አሉኝ። ለሁሉም ነገርኩ። ናሙሊ «እናያለን» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። ከፋኝ። ድሮ ቢሆን ዘፈኑን ከአሁኑ መምረጥ ትጀምር ነበር።

ሐሙስ

አላስቻለኝም፣ ጠየቅኳት። «ተቀየምሽኝ እንዴ?»

ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። «ከተማው ሲዘጋ ብቻዬን ነበርኩ። ማታ ማታ እጠጣ ነበር። በኋላ ጠዋትም ጀመርኩ። አሁን ትቻለሁ። ግን አጠገቤ ጠርሙስ ከተከፈተ አልችልም። እናንተ ትናፍቁኛላችሁ፤ አርብ ግን አልመጣም።»

ቤት ገብቼ ስለዚያ በረንዳ አሰብኩ። ዝናቡ ድንገት ሲወርድ ወንበር እየጎተትን ስንሮጥ። የኔ ሉጋንዳ ሲያስቃቸው። የቢራው ጣዕም እኮ ትዝም አይለኝም።

ለጋሽ ዳዊት ደወልኩ። «ነገ ያለ ቢራ ብናደርገውስ?»

«ያለ ቢራ? ስብሰባ በይዋ!» ተቆጡ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ምስጢሩ የእኔ አይደለም።

አርብ

ለሰዉ ሮሌክስ፣ ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል፣ አዘዝኩ። ለእኔ ለጿሚዋ ቻፓቲ በባቄላ። ጋሽ ዳዊት ግን ከትናንት ጀምሮ ድምፃቸው የለም።

መጡ። ፍሪጁን ሲከፍቱት ሶዳና ውሃ ብቻ! ሰዉ አጉረመረመ። እሳቸው ደረታቸውን ይዘው በእንግሊዝኛ፣ «ሐኪም ቢራ ከልክሎኛል። እኔ እያየሁ እናንተ ልትጠጡ ነው?» አሉ። ግማሹ እየሳቀ ወደ መጠጥ ቤት ወረደ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱም ስንት ጊዜ የናፈቃቸው ነው።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ምንም። ልጅቷን ማክሰኞ አይቻታለሁ፤ ቢራ ሲባል ፊቷ እንዴት እንደሆነ። ስትደውዪልኝ ነው የገባኝ። ወንድሜም እንደዚያው ነበር» አሉኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው።

ናሙሊ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ሶዳ ሰጧት። ቆማ ጠጣች። መጀመሪያ ወሬው አልመጣ አለን፤ ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ኢንተርኔቱ። ጨዋታው ቀዝቃዛ ነበር፣ አልዋሽም። የድሮው አርብ አይደለም፣ ምናልባትም አይመለስም። ኋላ ጋሽ ዳዊት ሮሌክሱን ካመጣው ልጅ ጋር በሉጋንዳ ዋጋ ልከራከር ብለው አንደበታቸው ተሳሰረ፤ እሷ ልታርማቸው ገባች፣ ከዚያ እኔም ተሳሳትኩ።

ሳምንት ትመጣ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ ግን እያረመችን ሳለ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበር ሳበች።