የሚስተር ጆን አባት ስም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ረታኋቸው! እዚህ ኮሎራዶ፣ እንግልውድ ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከባቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ጆን ክዊሊያም፣ «አንቺ፣ ባልሽና ልጅሽ ላስት ኔማችሁ ለየቅል፤ ምኑን ቤተሰብ ሆናችሁት?» እያሉ ሁሌ ያበሽቁኛል። ዛሬ ልጃቸው መጥታ ስለ ስማቸው አመጣጥ ያጠናችውን አጫወተችን። አይል ኦፍ ማን ከምትባል ደሴት ነው፤ «የዊልያም ልጅ» ማለት ነው። ድሮ እዚያም ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ነበር። በኋላ የአንዱ አባት ስም ለዘር ማንዘር ቀረና ከማዕድን ቆፋሪዎች ጋር ኮሎራዶ ገባ።

«ታዲያ እንደኛው ነበራችሁ!» ብዬ ዘለልኩ። «አባትዎ ማን ይባሉ ነበር?»

«ሮበርት።»

«እንግዲያው እርስዎ ጆን ሮበርት ነዎት። ዊልያምማ የጥንት አያትዎ ናቸው!»

ሥራ ጨርሼ ጫማዬን ሳስር ስልካቸው ጮኸ። አነሱና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ጆን ሮበርት ነኝ» አሉ።